የትኛውን ሃይብሪድ ሩዝ ልምረጥ? ዛላው የሚበዛውን ወይስ ዛላው የሚከብደውን

ስለ ሃይብሪድ ሩዝ (ሁለት የተለያዩ ዘሮች ተዳቅለው ስለሚገኘው ሩዝ) ሲወራ ሰው መጀመሪያ ሚጠይቀው «በሄክታር ስንት ቶን ይሰጣል?» ብሎ ነው፣ ትልቁን ቁጥር ይሰማል፣ ከዛ ያንን ይዞ ይገባበታል። ግን ያ ቁጥር ዘሩ ውስጥ ተቀምጦ ሚጠብቅ ነገር አይደለም። ማሳ ላይ ነው በየደረጃው ሚሰራው፣ አንዱ ደረጃ ከተበላሸ ደሞ ሌላው ሙሉ በሙሉ አያካክሰውም። ስለዚ እዚ ዘሮቹን ምናወዳድረው ምርቱን በየት በኩል እንደሚያመጡት እያየን ነው። ሁለት ዘር እኩል 9 ቶን ሊሰጥ ይችላል ግን በተለያየ መንገድ፣ ያንተ ማሳ አንዱን መንገድ ይችልና ሌላውን ላይችል ይችላል።

መጀመሪያ አራቱ ቁጥሮች

የሩዝ ምርት የአራት ነገር ብዜት ነው። በካሬ ሜትር ስንት ዛላ አለ፣ አንዱ ዛላ ስንት ፍሬ ይዟል፣ ከፍሬው ስንት ፐርሰንቱ ሞልቷል፣ የሞላው ፍሬ ደሞ 1000ው ስንት ግራም ይመዝናል። በቃ።

እንስራው። 250 ዛላ በካሬ ሜትር፣ በዛላ 180 ፍሬ፣ 80 ፐርሰንት የሞላ፣ 1000ው ፍሬ 25 ግራም ብንል በካሬ ሜትር 900 ግራም ይመጣል፣ ያ ማለት በሄክታር 9 ቶን ነው። አሁን ሌላ ዘር ውሰዱ፣ 350 ዛላ፣ በዛላ 120 ፍሬ፣ 88 ፐርሰንት የሞላ፣ 1000ው 24 ተኩል ግራም፣ እሱም እዛው 9 ቶን አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ዛላው ሚከብድ ነው፣ ሁለተኛው ዛላው ሚበዛ። በወረቀት እኩል ናቸው። ግን የመጀመሪያው ላይ ሙላቱ ብቻ ከ80 ወደ 60 ቢወርድ 9 ቶኑ 6.75 ቶን ይሆናል፣ ሌላው ሁሉ ምንም ሳይነካ። እኔ ሃይብሪድ የመምረጥ ጉዳይ ዋናው እዚ ጋ ነው ያለው ብዬ ነው ማምነው።

እነዚ አራት ቁጥሮች ደሞ በአንድ ጊዜ አይወሰኑም። የዛላው ብዛት ተክሉ የጎን ቡቃያ በሚያቆጠቁጥበት ጊዜ ነው ሚወሰነው። የፍሬው ብዛት ዛላው ገና አገዳው ውስጥ ሆኖ መፈጠር ከጀመረ በኋላ ነው፣ ማለትም ዛላው ወጥቶ ከመታየቱ 30 ቀን ገደማ በፊት ይጀምራል፣ በአይን ምንም ሳይታይ። ሙላቱ ከአበባው ትንሽ ቀደም ብሎ ጀምሮ ፍሬው እስኪጠነክር ድረስ ያለው ጊዜ ላይ ይወሰናል። የፍሬው ክብደት ግን ብዙም አይለዋወጥም፣ ምክንያቱም የቅርፊቱ መጠን ከማበቡ በፊት ስለሚያልቅ ፍሬው ከቅርፊቱ በላይ ሊያድግ አይችልም። ስለዚ ማዳበሪያ ወይ ውሃ ምታደርጉበት ቀን የትኛውን ቁጥር እየነካችሁ እንደሆነ ይወስናል ማለት ነው። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል ደሞ፣ ዛላውን አብዝታችሁ ስታበቅሉ በየዛላው ያለው ፍሬ ያንሳል፣ ፍሬው በጣም ሲበዛ ሙላቱ ይወርዳል።

ከመደበኛ ዝርያ ሃይብሪድ ይሻላል ወይ?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ፣ ግን በሁኔታ። ቻይና ውስጥ ሃይብሪድ ከመደበኛው ዝርያ ሲወዳደር ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት ብልጫ አለው ነው ሚባለው። ታሪኩን በአጭሩ፣ ዩዋን ሎንግፒንግ ሚባል ቻይናዊ ተመራማሪ በ1964 ነው ወንዴ አበባው መካን የሆነ ሩዝ መፈለግ የጀመረው፣ ምክንያቱም ሩዝ ራሱን በራሱ ሚያዳቅል ተክል ስለሆነ ወንዴው ካልመከነ ሁለት ዘር በብዛት ማዳቀል አይቻልም። በ1970 ሃይናን ደሴት ላይ የሱ ቡድን ሰዎች መካን የሆነ የዱር ሩዝ አገኙ፣ በ1973 የማዳቀያ ሲስተሙ ተሟላ፣ በ1976 ወደ ገበሬው በስፋት ገባ። አንድ የዱር ተክል ያን ሁሉ ሄክታር ቀየረ ብሎ ማሰብ እስካሁን ይገርመኛል።

ሃይብሪዱ ብልጫውን ከየት ነው ሚያመጣው ካላችሁ፣ በዋናነት ከጠቅላላ የተክሉ ክብደት ነው። ቶሎ ያቆጠቁጣል፣ ቅጠሉ ቶሎ መሬቱን ይሸፍናል፣ ብርሃን ቀድሞ መያዝ ይጀምራል። ከጠቅላላው ክብደት ፍሬ የሚሆነው ድርሻ ጥሩ በሆነ ዘመናዊ ሩዝ ግማሽ አካባቢ ነው፣ እሱን ከዚ በላይ መግፋት ከባድ ነው፣ ስለዚ ምርት ለመጨመር ተክሉ ራሱ መክበድ አለበት። ዛላው ከመውጣቱ በፊት አገዳው ውስጥ የተጠራቀመው ስታርችም በኋላ ወደ ፍሬው ይወርዳል፣ ከፍሬው ክብደት ሩብ ገደማ ከዛ ሊመጣ ይችላል። የቀረው ካበበ በኋላ ቅጠሉ ሚሰራው ነው።

እዚ ጋ ሰው ሁሉ ሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ብዙ ሃይብሪዶች ከመደበኛው ዝርያ ዘግይተው ነው ሚደርሱት፣ 15 ቀን ወይ 20 ቀን የበለጠ ማሳ ላይ የቆየ ተክል ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ ብልጫው በከፊል የቀን ብልጫ ነው። ስለዚ ስታወዳድሩ ምርቱን ማሳው ላይ በቆየበት ቀን አካፍሉት። 9 ቶን በ140 ቀን በቀን 64 ኪሎ ገደማ ነው፣ 7.5 ቶን በ115 ቀን ደሞ 65 ኪሎ። በዓመት አንዴ ብቻ ምታመርቱ ከሆነ የመጀመሪያው ያዋጣል፣ ቀጥሎ ሌላ ሰብል ሚገባ ከሆነ ግን ያ 25 ቀን ዋጋ አለው።

መደበኛውን ዝርያ መያዝ ሚሻልበት ጊዜም አለ፣ በግልፅ ልናገረው። ውሃው እርግጠኛ ካልሆነ፣ ማዳበሪያ በጊዜው ካልደረሰ፣ ወይ ደሞ በየወቅቱ አዲስ ዘር ማግኘት አጠራጣሪ ከሆነ ሃይብሪድ አትግቡ። ከሃይብሪድ ማሳ ላይ ዘር ማስቀረት አይሰራም። ብትዘሩት አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ አንዱ ቶሎ አንዱ ዘግይቶ ሚደርስ የተቀላቀለ ማሳ ነው ሚሆነው፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ሌላም ብዙ ሰው ማይጠረጥረው ነገር አለ፣ የሃይብሪድ ተክል ላይ ያለው ፍሬ ራሱ ቀጣዩ ትውልድ ነው፣ ስለዚ ወላጆቹ በስታርች ባህሪያቸው በጣም ሚለያዩ ከሆነ አንዱ ድስት ውስጥ ያለው ሩዝ አንዱ ፍሬ ሲለሰልስ ሌላው ሊደርቅ ይችላል። ለሽያጭ ካመረታችሁ ዘሩን ከመግዛታችሁ በፊት ያ ሩዝ ተቀቅሎ ቅመሱት።

ዛላው ሚበዛው ከዛላው ሚከብደው ጋር

ይሄ ነው ዋናው ምርጫ፣ ሰው ግን ብዙም አይጠይቅበትም።

ትልቅ ዛላ ሲያዩት ያምራል። 200፣ 250 ፍሬ የያዘ ዛላ ጎንበስ ብሎ ስታዩት በቃ ይሄ ነው ትላላችሁ። ፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋምም በ1989 እንደዛ ነበር ያሰበው፣ ፍሬ ማይዙ የጎን ቡቃያዎችን ቀንሶ በየዛላው ከ200 እስከ 250 ፍሬ ሚይዝ አዲስ የሩዝ ቅርፅ ለመፍጠር ተነሳ። የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች የተጠበቀውን አልሰጡም። ፍሬው ነበር ግን አልሞላም፣ ቡቃያው በማነሱም ጠቅላላ የተክሉ ክብደት ትንሽ ሆነ፣ ተባይም አስቸገረው። በኋላ ላይ ኢንዲካ ከሚባሉት የሞቃት አካባቢ የሩዝ ዝርያዎች ጋር አዳቅለው ነው ያሻሻሉት። ቻይና በ1996 የጀመረችው የሱፐር ሩዝ ፕሮግራም ግን ዛላውን ሲያከብድ ቅጠሉንም አብሮ ቀየረ፣ የላይኞቹ ሶስት ቅጠሎች ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ወፈር ያሉ እንዲሆኑ፣ ዛላው ደሞ ጎንበስ ብሎ ከቅጠሉ በታች እንዲሆን፣ ጫፉ ከመሬት ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር ላይ። ያኔ ዛላው ብርሃኑን አይጋርድም፣ ክብደቱም ዝቅ ስለሚል ተክሉ ቶሎ አይጋሽብም (ወድቆ አይተኛም)። ስለዚ ዛላው ሚከብድ ሃይብሪድ ስታዩ ዛላውን ብቻ አትዩ፣ ከላይ ያሉት ቅጠሎች ቀጥ ብለው ቆመዋል ወይስ ተዘርግተው ተኝተዋል ብላችሁ እዩ። ቅጠሉ ተዘርግቶ ዛላው ትልቅ ከሆነ እኔ አልወስደውም።

ትልቅ ዛላ ለምን አይሞላም? አንድ ዛላ ላይ ያሉ ፍሬዎች እኩል አይደሉም። ከላይ ዋናው ቅርንጫፍ ላይ ያሉት ቀድመው ያብባሉ፣ ቀድመው ይሞላሉ። ከታች ንዑስ ቅርንጫፍ ላይ ያሉት ቀናት ዘግይተው ያብባሉ፣ ምግቡም መጀመሪያ ወደ ላይኞቹ ስለሚሄድ ተራቸውን ጠብቀው ነው ሚሞሉት። ዛላው ትልቅ በሆነ ቁጥር ደሞ ሚጨመሩት ፍሬዎች አብዛኞቹ እነዚ ከታች ያሉት ናቸው። እነዚ እንዲሞሉ ላይኞቹ ከሞሉ በኋላም ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ መስራት አለበት፣ ስሩ በሕይወት መቆየት አለበት፣ ሰማዩም ጠርቶ ፀሐይ መኖር አለበት። በዛ ጊዜ ደመና ከሆነ ወይ ውሃ ቀድሞ ከተቋረጠ ከታች ያለው ባዶ ይቀራል። ዛላው ሚበዛው ዘር ላይ ይሄ ጣጣ ያንሳል ምክንያቱም በየዛላው ያለው ፍሬ ትንሽ ስለሆነ አብዛኛው ቶሎ ይሞላል።

የአየር ጠባይ ላይም እንደዛው ነው። ሩዝ ሲያብብ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ካለፈ ብናኙ በደንብ ስለማይሰራ ፍሬው ይመክናል፣ ዛላው ከመውጣቱ ከ10 እስከ 12 ቀን በፊት ደሞ ብርድ ቢመታው ያኔም ይመክናል። ይሄ ሁለቱንም ይጎዳል። ልዩነቱ ዛላው ሚከብደው ዘር ፍሬውን ሁሉ ጥቂት ዛላ ላይ ስላከማቸ እና የአንዱ ዛላ አበባ ብዙ ቀን ስለሚፈጅ፣ መጥፎ ሳምንት ሲመጣ ማካካሻ የለውም። የጎን ቡቃያ በብዛት ሚያወጣው ግን መጀመሪያ ላይ ቡቃያ ቢጠፋበት እንኳን እንደገና አቆጥቁጦ ሊሞላው ይችላል።

ስለዚ ለማን የትኛው? ጠራ ያለ የፀሐይ ወቅት ካላችሁ፣ ችግኝ አፍልታችሁ በመስመር ምትተክሉ ከሆነ፣ ውሃው እስከ መጨረሻው ሚቆይላችሁ ከሆነ እና ማዳበሪያውን ከፋፍላችሁ ምታደርጉበት አቅም ካለ ዛላው ሚከብደውን ውሰዱ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። በቀጥታ ምትዘሩ ወይ ምትበትኑ ከሆነ፣ ወቅቱ ደመና ሚበዛበት ወይ አጭር ከሆነ ዛላው ሚበዛውን ውሰዱ። ረጅምና ዛላው ከባድ የሆነውን አብዝቶ በትኖ መዝራት ዝናብና ንፋስ ሲመጣ መጋሸብን መጥራት ነው።

ሌላ ቦታ የተገኘን ሪከርድም ይዛችሁ አትሂዱ። ቻይና ዩናን ውስጥ ታኦዩዋን ሚባል ቦታ ላይ በሄክታር ከ15 ቶን በላይ የተገኘበት ጊዜ አለ፣ ግን እዛ ፀሐዩ ብርቱ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ተክሉም ማሳ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ያው ዘር ቆላማና እርጥበታማ ቦታ ላይ ሲዘራ ያንን አይደግምም።

ባለሶስት መስመር ወይስ ባለሁለት መስመር

ይሄ ላይ ብዙ አልቆይም። መስመር ማለት እዚ ጋ ሃይብሪዱን ለማዳቀል ሚያገለግል ወላጅ ዘር ነው። ባለሶስት መስመር ሚባለው መካኗን እናት፣ መካንነቷን ሚያስቀጥል ሌላ መስመር እና ፍሬያማነቱን ሚመልስ አባት ሚጠቀመው ነው። ባለሁለት መስመሩ ደሞ በ1973 ሺ ሚንግሶንግ ሚባል ሰው ቻይና ሁቤይ ውስጥ ባገኘው ተክል የተጀመረ ነው፣ የእናቲቱ ወንዴ አበባ ሚመክነው በቀን ርዝመት ወይ በሙቀት ነው፣ ስለዚ ሶስተኛው መስመር አያስፈልግም፣ አባት ሚሆነውም ዘር እንደልብ ነው። በ1999 የወጣው ሊያንግዩፔይጁ ከዚ ወገን ነው፣ በሱፐር ሩዝ ፕሮግራሙ ትልቅ ስም ያለው።

ማሳ ላይ ካለ ሰው አንፃር ልዩነቱ የዘሩ ንፅህና ነው። ባለሁለት መስመሩ ዘር ሲባዛ ሳይታሰብ ቀናት ሙሉ ከቀዘቀዘ እናቲቱ ፍሬያማ ትሆንና ራሷን ታዳቅላለች፣ ፓኬቱ ውስጥ ሃይብሪድ ያልሆነ ዘር ይገባል። እንደዛ የገባው ዘር ማሳ ላይ አጠር ብሎ፣ ከሌላው ጋር እኩል ዛላ ሳያወጣ ይታወቃል። ስለዚ ባለሁለት መስመር ከገዛችሁ የንፅህና ምርመራ ውጤቱን ጠይቁ፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይም ማሳው ሁሉ እሱን ብቻ አታድርጉት። ዛላው ይከብዳል ወይስ ይበዛል ሚለው ጥያቄ ግን ከዚ ጋር አይገናኝም፣ በሁለቱም ወገን ሁለቱም አይነት አለ።

ከመረጣችሁ በኋላ አያያዙ ይለያያል

ሃይብሪድ ዘር ቆጥቦ ነው ሚዘራው። በችግኝ ከሆነ ለሄክታር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይበቃል፣ በአንድ ጉድጓድ አንድ ወይ ሁለት ችግኝ፣ በ15 እና በ20 ቀን መሃል ያለ ወጣት ችግኝ። በመደበኛው ዝርያ የለመደ ሰው አራት አምስት ችግኝ እየጠቀጠቀ ይተክላል፣ ያኔ የከፈለበትን የማቆጥቆጥ ጉልበት በራሱ እጅ ያፍነዋል። 25 በ20 ሴንቲሜትር ከተከላችሁ በካሬ ሜትር 20 ጉድጓድ ይሆናል፣ እያንዳንዱ 12 ዛላ ቢሰጥ 240 ነው፣ ለከባዱ ዛላ ጥሩ ነው። ዛላው ሚበዛውን 20 በ20 አድርጉት፣ 25 ጉድጓድ በ14 ዛላ 350 ይመጣል።

ናይትሮጅኑ (ዩሪያው) ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። ዛላው ሚበዛው ላይ ቀድሞ ሚደረገው ዩሪያ ነው ቡቃያውን ሚያበዛው፣ ስለዚ ከተከላና ከማቆጥቆጥ ጊዜ ጋር አብዛኛውን ስጡት። ከባዱ ላይ ግን ቀድማችሁ ብዙ ካደረጋችሁ ዛላ ማያወጣ ቡቃያ ይበዛል፣ ማሳው ቶሎ ይጨልማል፣ እርስ በርሱ ይጋረዳል። ከሱ ቀንሳችሁ ዛላው አገዳው ውስጥ መፈጠር ሲጀምር ጥሩ ድርሻ ስጡት። ጊዜውን ለማወቅ አንዱን ዋና አገዳ ከታች ነቅላችሁ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቁት፣ ውስጡ አንድ ሁለት ሚሊሜትር የሆነች ፀጉራም ነጭ ጫፍ ካያችሁ ደርሷል። የቅጠል ቀለም መለኪያ ካርድ ካገኛችሁ ከግምት ይሻላል። አብልጦ ማድረግም ጥሩ አይደለም፣ ቅጠሉ በጣም ለምልሞ ከቆየ ስታርቹ አገዳው ውስጥ ይቀርና ወደ ፍሬው ሳይወርድ የመሰብሰቢያ ጊዜ ይደርሳል።

ፖታሽየም ሰው ይረሳዋል። ሃይብሪድ ከመሬት ብዙ ፖታሽየም ነው ሚያነሳው፣ አብዛኛው ደሞ ፍሬው ውስጥ ሳይሆን ጭዱ ውስጥ ነው ሚቀረው። ጭዱን ከማሳ ሙሉ በሙሉ ምታወጡ ከሆነ መሬቱ እየደኸየ ይሄዳል፣ አገዳውም ይሰለስላል።

ውሃውን ሁሌ ማሳው ላይ ማስተኛት አያስፈልግም። ቀዳዳ ያለው ቱቦ መሬት ውስጥ ቀብራችሁ ውሃው ከመሬቱ ገፅ 15 ሴንቲሜትር ወደ ታች ሲወርድ እንደገና ማጠጣት ይቻላል፣ ለስሩ አየር ስለሚያገኝ ከታች ያሉት ፍሬዎች እንዲሞሉም ሊረዳ ይችላል፣ በመጠኑ ሲሆን። ማበቢያው ሳምንት ላይ ግን አታድርቁ፣ ከላይ ውሃ ይኑር። ከዛ መጨረሻ ላይ ውሃ ማቋረጡን ከባዱ ዛላ ላይ አዘግዩት፣ የላይኛው ፍሬ ቢጫ ሆነ ብላችሁ ካቋረጣችሁ የታችኛው ገና ወተት ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት ያሁኑን ማሳችሁን ቁጠሩ

በቅርቡ ምትሰበስቡት ሩዝ ካለ መልሱ እዛ አለ። አማካይ የሚመስል ቦታ መርጣችሁ አንድ ካሬ ሜትር ለኩ፣ ዛላውን ቁጠሩ፣ ሶስት ቦታ ላይ ድገሙት። ከየቦታው አስር ዛላ ወስዳችሁ ፍሬውን አራግፉና ውሃ ውስጥ ጨምሩት፣ ሚሰምጠው የሞላው ነው፣ ሚንሳፈፈው ባዶው። ሁለቱንም ቁጠሩ።

ሙላቱ ከ80 ፐርሰንት በታች ከሆነ ማሳችሁ ያለውን ፍሬ ራሱ መሙላት አቅቶታል ማለት ነው፣ የበለጠ ፍሬ ሚይዝ ዘር ብታመጡለት ባዶው ነው ሚጨምረው፣ መጀመሪያ ውሃውን፣ ማበቢያው ላይ ያለውን ሙቀትና የማዳበሪያውን ጊዜ አስተካክሉ። ሙላቱ 90 አካባቢ ሆኖ ምርቱ ግን ካነሰ መያዣው (የፍሬው ብዛት) ነው ያነሰው፣ ቅጠሉ ተጨማሪ መሙላት ይችል ነበር፣ እንደዚ አይነት ማሳ ላይ ከባዱ ዛላ በደንብ ያዋጣል። የዛላው ብዛት ከ200 በታች ከሆነ ደሞ ችግሩ ዘሩ ጋ ላይሆን ይችላል፣ አረሙን፣ የችግኙን እድሜና የተከላውን ርቀት እዩ።

ሁለቱን አይነት ለማነፃፀር ከፈለጋችሁ ማሳውን ከፍላችሁ ሁለቱንም እኩል ቀን ዝሩ፣ ግን ማዳበሪያውን ለየራሳቸው በሚስማማው ጊዜ ስጡ፣ ሁለቱንም በአንድ አያያዝ ከያዛችሁ ያወዳደራችሁት ዘሩን ሳይሆን አያያዙን ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ስለማይደርሱም አንድ ላይ አትጨዱ፣ እያንዳንዱን ከ80 እስከ 85 ፐርሰንት የሚሆነው ፍሬ ቢጫ ሲሆን ሰብስቡት፣ ስትመዝኑ ደሞ ሁለቱንም እኩል ካደረቃችሁ በኋላ ይሁን።